በአሌክሳንድሪያው ቤት ላይ ያልተመዘገበው እግድ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ጌጤነሽ፣

ይህች ወረቀት ጉልበትዎ በርትቶ፣ ዓይንዎ አጥርቶ፣ ደጅዎ ሰላም ሆኖ ታግኝዎት። እኔም ብሩክታይትም ልጆቹም ደህና ነን፤ የፈጣሪ ስም ይመስገን። «ቁም ነገር በስልክ አይነገርም፣ ነፋስ ይወስደዋል» የሚለውን ሕግዎን አክብሬ ይኸው በእጄ ጽፌ፣ ፎቶውን አብራዎት ለምትኖረው ለዮዲ በቴሌግራም ልኬላታለሁ። ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው አመሉን መች ይተዋል።

የዛሬው ነገሬ የልጅዎ የኃይለመለኮት ጉዳይ ነው። አንገቴን ደፍቼ እንደምጽፍልዎ ይወቁልኝ።

ባለፈው ዓመት አሌክሳንድሪያ ያለውን የማዕዘን ቤቱን ሊያሰፋ፣ ከጎኑም ሁለተኛ መኖሪያ ሊሠራ አስቦ፣ «ጋሼ፣ ቀያሽ ዘመድ እያለኝ ለባዳ አልከፍልም» ብሎ ወደኔ መጣ። ደስ አለኝ። አሥራ አራት ዓመት ለሰው ድርጅት ችካል ስተክል ኖሬ፣ ፈቃድ አውጥቼ በስሜ ቢሮ ከከፈትኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ወሰኑን ለካሁ። የጎረቤቱ አጥር አንድ ሜትር ከሩብ ወደ ግቢው ገብቶ አገኘሁትና አስመለስኩለት። አብራኝ የምትሠራ ፅጌ የምትባል አርክቴክት አለች፤ ንድፉን እሷ አወጣች። «ሜሮን ኪችኑን አልወደደችውም» እያለ በሚስቱ እያሳበበ አራት ጊዜ አስቀየራት። በመጨረሻ ፐርሚቱ፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ ወጣ።

የተስማማነው በአሥራ ዘጠኝ ሺህ ዶላር ነበር። ወረቀት አልተፈራረምንም። «ዘመድ ከዘመድ ኮንትራት ይፈራረማል እንዴ» ብሎ ሲስቅ እኔም አብሬው ሳቅሁ። አምስቱን ሺህ ፎልስ ቸርች ከተማ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ በካሽ ቆጥሮ ሰጠኝ። አሥራ አራቱ እስከ ዛሬ የለም። የቢሮው ኪራይ፣ የፅጌ የሦስት ወር ደመወዝ፣ የመለኪያ መሣሪያው ብድር በዚያች ገንዘብ ላይ ነው የቆመው። ካልመጣች በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ቢሮዬን ዘግቼ ወደ ሰው ችካል ተመላሽ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ቤቱ ላይ የሽያጭ ሰሌዳ ተተክሎ አየሁ። ማስታወቂያው «ከጸደቀ ፕላን ጋር» ይላል። የእኔንና የፅጌን ድካም ከቤቱ ጋር እየሸጠው ነው። ስደውል አያነሳም።

እዚህ ቨርጂኒያ ሕጉ ለቀያሽና ለንድፍ ሠራተኛ መብት ይሰጣል። ያልተከፈለኝ ከሆነ፣ «ይህ ቤት የሥራ ዋጋ አለበት» ብዬ ፍርድ ቤቱ በሚይዘው የቤት መዝገብ ላይ ማስመዝገብ እችላለሁ። ሊን ይሉታል፤ እርስዎ መዝገብ ቤት ሳሉ ቤት ላይ ይገባ እንደነበረው እግድ ይቁጠሩት። እሱ ሳይነሳ ገዢ አይገዛም። ግን ቀን አለው፤ ሥራው ካለቀበት ወር መጨረሻ ጀምሮ ዘጠና ቀን። ቆጥሬዋለሁ፤ የመጨረሻዋ ቀን በነሱ ጁላይ 29፣ በእኛ ሐምሌ 22 ማክሰኞ ናት። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ፅጌ «ዛሬውኑ እናስገባው» ትላለች። እኔ ግን እርስዎ ቤት ሁለት ዓመት በልቼ ጠጥቼ የተማርኩ ሰው ነኝ። ትልቅ ሰው ሳያስታውቁ ዘመድን መዝገብ ላይ ማስፈር በእኛ ቤት አልተለመደም። ስለዚህ አስታወቅሁ። ይምከሩልኝ።

አክባሪዎ ዓብዩ


አዲስ አበባ፣ ቀበና
ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓብዩ፣

እንደምን ከርመሃል፣ የእህቴ ምትክ። እኔ እንደ አሮጌ በር ሆኛለሁ፤ ሲጥ ሲጥ እላለሁ እንጂ አልወድቅም። ብሩክታይትን ሳምልኝ፤ ልጆቹን በአማርኛ ሳምልኝ፣ እንግሊዝኛውን ለራሳቸው ተውላቸው።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ወዲያው ያልመለስኩት የአንድ ወገን ሰምቶ የሚፈርድ ሰው ስለማልወድ ነው። ኃይለመለኮትን በዮዲ ስልክ አስደውዬ ጠየቅሁት። አልካደም። «አሥራ አራት ሺህ ዶላር ለጋሼ ዓብዩ ቀርቶብኛል፤ ቤቱ ሲሸጥ መጀመሪያ የሚከፈለው እሱ ነው» አለኝ። ዮዲም አብራኝ ሰምታለች። ልጄ ዋልጌ ቢሆንም ሌባ አይደለም።

እግድ ያልከውን ነገር ግን ልቤ አልወደደውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው እግድ ስመዘግብ የኖርኩ ነኝ። ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት፣ አንድ ጡት የጠቡ ሰዎች በዚያ መስኮት አልፈዋል። እግዱ ከዓመት በኋላ ይነሳል፤ ፊታቸው ግን እንደ ዞረ ይቀራል። የአንተና የእሱ ስም አንድ ገጽ ላይ ባለመብትና ባለዕዳ ተብሎ ሲጻፍ እንዴት ልየው?

ስለዚህ ሽማግሌ አስቀምጣለሁ። አቶ ተክለሃይማኖት የሚባሉ የሰፈራችን ሰው እዚያው አሌክሳንድሪያ አሉ፤ ታክሲ ይነዳሉ፣ በሰንበት ደግሞ ሰው ያስታርቃሉ። የያዙት ነገር ሳይበርድ አይነሡም ይባላል። መቼም ሽማግሌ ተልኮ ሳለ መዝገብ ቤት የሚሮጥ ልጅ አላሳደግሁም። ታገሥ።

የሰፈር ወሬ ከፈለግህ፣ የጎረቤቴ የካሰች ልጅ ተዳረች። ሙሽራው «ስፕሪንግፊልድ ቤት አለኝ» ብሎ ነበር፤ ለካ የሰው ምድር ቤት ተከራይቶ ነው። ካሰች አሁንም «የአማቼ ቪላ» እያለች ታወራለች፤ እኔም አፌን ይዤ እሰማለሁ።

የዓይን ጠብታዬ አልቋል። ያ ነጭ ጠርሙስ፣ ሰማያዊ ክዳን ያለው። ሰው ሲመጣ አትርሳኝ።

እትዬህ ጌጤነሽ


ሲልቨር ስፕሪንግ
ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጌጤነሽ፣

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። ጠብታዎን ሦስት ጠርሙስ ገዝቻለሁ፤ ለፍልሰታ የምትሄድ የብሩክታይት ጓደኛ ትይዝልዎታለች።

ልጅዎ ዕዳውን አለመካዱን ጽፈውልኝ ትንሽ ተንፈስ አልኩ። ቅዳሜ ማኅበር ላይም አገኘሁት። ጉንጬን ስሞ፣ «ጋሼ፣ በእናቴ በኩል ሽማግሌ ላክህብኝ አሉ፤ ትልቅ ሰው ሆንኩ ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። የሳቀውም የበላውም ትንሽ ነው። ሜሮንን «የታለች?» ስለው «ሥራ ነች» አለኝ። እሷ ቅዳሜ አትሠራም ነበር፤ ግን አልጠየቅሁም።

ሽምግልናውን እቀበላለሁ፤ እምቢ አልልዎትም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ከሐምሌ 22 በፊት ይቀመጡ። ይህን ለፅጌ ስነግራት ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? «ጋሽ ዓብዩ፣ ሽማግሌዎቹ ቢዘገዩ ይቅርታ ይጠይቁዎታል። የፍርድ ቤቷ ጸሐፊ ግን ይቅርታ አትጠይቅም፣ አትቀበልምም።» ልጅቷ አፏ ስለት ነው። ሦስት ወር ያልተከፈለው ሰው ደግሞ ምን ማር ይናገራል።

እግዱን እንደ ክስ አይዩብኝ። የሥራዬን ዋጋ ለማስጠበቅ ነው እንጂ ኃይለመለኮትን ለማዋረድ አይደለም። በከፈለኝ ቀን በዚያው ቀን ሄጄ አነሳዋለሁ፤ የማንሻውን ዋጋም እኔ እችላለሁ። ካስፈለገ እግዱ ለገዢው እንዳይታይበት፣ ክሎዚንግ በሚሉት የርክክብ ቀን ከሽያጩ ላይ ተቀንሶ ይሰጠኝ። ሰው ሳይሰማ፣ ማኅበር ሳያወራው።

ቤቱን ሊያዩ የሚመጡት ሰዎች መኪና እየበዛ ነው። እሑድ ዕለት አራት ቆጠርኩ። ከፊት ለፊት ቆሜ ፕላናችንን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሲያዩት በመስኮት አየሁ። የእኔ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፤ ሌላ ሰው ነው የሚያስጎበኘው።

አክባሪዎ ዓብዩ


አዲስ አበባ
ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓብዩ፣

ክረምቱ ገብቷል። ቀበና ሞልቶ ማታ ማታ ሲያጓራ ያድራል፤ ጣሪያዬም ሦስት ቦታ ያፈሳል፣ ሦስት ባልዲ ቆሞለታል። ዮዲ ባልዲዎቹን «ማኅበርተኞች» ትላቸዋለች።

የምሥራች። አቶ ተክለሃይማኖት ቀን ቆርጠዋል፤ ሐምሌ 20 እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እሳቸው ቤት። አቶ ሀዲስ የሚባሉ አንድ ትልቅ ሰውም ይጨመራሉ። እንግዲህ ከምትፈራት ቀን ሁለት ቀን ቀድሞ ነው። ደስ ይበልህ።

አንተ ግን ቃል ስጠኝ። ሽማግሌ ሳይቀመጥ ያንን ወረቀት እንዳታስገባ። በእናትህ አጥንት ይዤሃለሁ። እሷ ብትኖር ይህን የምትለምንህ እሷ ነበረች፤ እኔ በሷ አፍ ነው የምናገረው።

ደግሞ እስቲ ጻፍልኝ፤ ቤቱ ስንት ያወጣል ይላሉ? ክሎዚንግ ያልከውስ ገዢ ከተገኘ በኋላ ስንት ቀን ይፈጃል? ገዢ የቤቱን መዝገብ የሚያስመረምረው ከዚያ በፊት ነው ወይስ ያን ዕለት? የጥንት ሥራዬ ስለሆነ ነው የጠየቅሁህ፤ ሰው ጡረታ ቢወጣም ጆሮው አይወጣም።

ምርቃቴ ይከተልህ።

ጌጤነሽ


ሲልቨር ስፕሪንግ
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጌጤነሽ፣

በእናቴ አጥንት ከያዙኝ ምን እላለሁ። ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሽማግሌ ሳይቀመጥ አላስገባም።

የጠየቁኝ ይኸው፤ ገዢ ተገኝቷል፣ ዋጋውን አልሰማሁም። የቤቱን መዝገብ የሚያስመረምሩት ቀደም ብለው ነው፤ በርክክቡ ዋዜማ ደግሞ ድጋሚ ያዩታል። ንጹሕ ከሆነ ይፈራረማሉ።

የእኔ ወረቀት ተሞልቶ፣ ኖተራይዝ ተደርጎ፣ በማኅተም ተረጋግጦ ፅጌ ቦርሳ ውስጥ አለ። እሑድ ከተስማማን እቀደዋለሁ። ካልተስማማን ሰኞ ጠዋት አስገባለሁ። ይህን ለእርስዎም ለሽማግሌዎቹም አልደብቅም።

ዓብዩ


አዲስ አበባ
ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የገብርኤል ዕለት

ልጄ ዓብዩ፣

መልአኩ ይጠብቅህ። ከቤተ ክርስቲያን ገብቼ ነጠላዬን ሳላወርድ ነው የምጽፍልህ፤ ዮዲ አሁኑኑ ትልከዋለች።

አቶ ተክለሃይማኖት ተቸግረው አስደወሉልኝ። የገብርኤል ድግስ እንግዳ ከሩቅ ስቴት መጥቶባቸው ቤታቸው ሞልቷል። አቶ ሀዲስም አልተመቻቸውም። «በአንድ ሳምንት ይግፉልን» ብለው ለመኑኝ። እኔ ማን ነኝና ሽማግሌን እምቢ እላለሁ? እንግዲህ ሐምሌ 27 እሑድ ይሁን።

አውቃለሁ፣ ቀንህ በመሃል ታልፋለች። ግን ኃይለመለኮት በአንደበቱ ያመነው ገንዘብ ነው፤ የት ይሄዳል? ሰባት ቀን ምን አላት። ሽማግሌ ሳይቀመጥ አላስገባም ያልከኝን ቃል ይዤሃለሁ። ከቃልህ የሚበልጥ ወረቀት የለህም።

ጌጤነሽ


ሲልቨር ስፕሪንግ
ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጌጤነሽ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ።

የሆነውን በተራ እጽፍልዎታለሁ።

ሰኞ ሐምሌ 21 ጠዋት ፅጌ ወረቀቱን ይዛ መኪናዬ ውስጥ ገባች። አሌክሳንድሪያ ፍርድ ቤቱ አጠገብ አቁሜ የሁለት ሰዓት ፓርኪንግ ከፈልኩ። አርባ ደቂቃ ተቀመጥን። «ምን እየጠበቅን ነው?» አለችኝ። «ሽማግሌ አልተቀመጠም፤ ቃል ሰጥቻለሁ» አልኳት። «ለማን?» «ለእናትየዋ።» ወረቀቱን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠች፣ ቀበቶዋን ፈታች፣ ወርዳ በእግሯ ወደ ሜትሮ ሄደች። ማክሰኞ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ሰዓቱ አሥራ አንድ ሲሞላ አየሁት።

እሑድ ሐምሌ 27 አቶ ተክለሃይማኖት ቤት ተቀመጥን። ሌሎች ሦስት ተጨምረው አምስት ሽማግሌ ነበር። ጸሎት ተደረገ፣ ተበላ። ኃይለመለኮት ተነሥቶ የሁሉንም ጉልበት ሳመና፣ «አባቶቼ፣ ጋሼ ዓብዩ ረድቶኛል፤ ውለታውን አልረሳም» አለ።

«ውለታ አይደለም፤ ሥራ ነው» አልኩ።

«ጋሼ፣ ወረቀት አለህ?»

«የለኝም። ለምን እንደሌለኝ አንተም ታውቃለህ።»

«እንግዲያው የዘመድ እርዳታ ነው። አምስት ሺህ ለነዳጅ ሰጥቼሃለሁ።»

አቶ ሀዲስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በል ሰባት ሺህ ስጠውና ነገሩ ይብረድ፤ ግማሽ በግማሽ ነው የሽማግሌ ሥርዓቱ» አሉ። «ቤቱ ሲሸጥ አስብበታለሁ» አላቸው። እኔ ብድግ አልኩ። «ይህ ስብሰባ ባለፈው እሑድ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይናገረኝም ነበር» አልኩ።

ይህን ጊዜ አቶ ተክለሃይማኖት በቅን ልባቸው፣ «እኔማ ባለፈው እሑድ ብዬ ምግቡም ተሠርቶ ነበር። ወይዘሮ ጌጤነሽ ናቸው አርብ ዕለት ደውለው፣ የለም ሃያ ሰባት ይሁንልኝ፣ ለኃይለመለኮት አይመቸውም ያሉኝ» አሉ። «እንግዳስ አልመጣብዎትም? አቶ ሀዲስስ አልታመሙም ነበር?» አልኳቸው። «የምን እንግዳ?» አሉኝ። አቶ ሀዲስም እኔን እያዩ፣ «ሐምሌ ገብርኤል ቆሜ ያስቀደስኩ ሰው ነኝ» አሉ። ልጅዎ ስልኩን እያየ ነበር።

ቤቱ ነሐሴ 2 አርብ ዕለት ተሸጠ። መዝገቡ ንጹሕ ነበር።

እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። መልስዎ ሁልጊዜ አሥር አሥራ ሁለት ቀን ነው የሚፈጀው፤ የገብርኤል ዕለቱ ግን ሳልጠብቀው፣ በተጻፈ በሰዓት ውስጥ ነው የደረሰኝ። ቀኑን የጻፍኩልዎ እኔ ነኝ። መዝገብ የማያውቅ ሰው ቢያስረፍደኝ ኖሮ አለማወቅ ነው እል ነበር። ለምን?

ዓብዩ


አዲስ አበባ
ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓብዩ፣

አሮጌው ዓመት ሸክሙን ይዞ ይሂድ፤ አዲሱ ባዶ እጁን አይምጣ። ጠብታው ደረሰኝ፤ እግዚአብሔር ብድሩን ይክፈልልኝ። አሁን ጋዜጣ ያለ መነጽር አነባለሁ፤ የሚነበብ ጠፋ እንጂ።

እዚህ ያለው ኑሮ እንደምትሰማው ነው። ዶሮ ሁለት ሺህ ገባ። ዕድራችን ሊቀመንበሩን አወረደ። የካሰች አማች ሚስቱን ሊወስድ «ፕሮሰስ ላይ ነው» ይላል፤ እኔ ግን እሷ ቀድማ ልትወስደው ትችላለች ባይ ነኝ።

ጣሪያዬ ተቀየረ። ኃይለመለኮት ሦስት ሺህ ዶላር ላከልኝና አዲስ ቆርቆሮ ተመታ። ባልዲዎቹ ጡረታ ወጡ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ቆርቆሮ መቺዎቹ ሲወጡ ሲወርዱ ካሰች አጥሯን ነቅላ ስትተክል ወደኔ የገፋችው መሰለኝ። ወረዳ ብሄድ ለቀያሽ ክፈይ ይሉኛል። የካርታዬን ፎቶና በዮዲ እጅ የተለካውን ልኬልሃለሁ፤ እስቲ ከዚያ ሆነህ አስላልኝ። ለዘመድ መቼም ዋጋ አትጠይቀኝም።

በዓሉን ከልጆችህ ጋር በደስታ አሳልፍ።

ጌጤነሽ


ሀያትስቪል፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ጌጤነሽ፣

የአጥሩን ነገር ሠርቼዋለሁ። በካርታዎ መሠረት ወይዘሮ ካሰች ከመንገድ በኩል ስልሳ ሴንቲሜትር፣ ከኋላ በኩል ሃያ አምስት ሴንቲሜትር ገብተውብዎታል። ሥዕሉን አብሬ ልኬዋለሁ። ዮዲ ጥሩ ለክታለች፤ ትምህርቷን ወደዚያ ብታደርገው ያዋጣታል። ዋጋ የለውም።

አድራሻዬ መለወጡን ያያሉ። የሲልቨር ስፕሪንጉን ቢሮ ነሐሴ መጨረሻ አስረከብኩ። አሁን ሀያትስቪል የአንድ ሰው ምድር ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ተከራይቻለሁ፤ ከሰኞ እስከ አርብ ግን ለሌላ ድርጅት ችካል እተክላለሁ። አለቃዬ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም። መለኪያ መሣሪያውን ሸጬ ለፅጌ የሁለት ወሯን ሰጠኋት። የቀረውን «ይተውት» አለችኝ። ባትለኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ቦታ ገብታለች።

ባለፈው ለጠየቅሁዎ አልመለሱልኝም። እኔም ድጋሚ አልጠይቅም።

ጠበቃ ዘንድ ሄጄ ነበር። እግዱ ሞተ እንጂ ዕዳው አልሞተም አለችኝ። ኃይለመለኮትን እንደ ማንኛውም ባለዕዳ መክሰስ እችላለሁ። «ማስረጃሽ ምንድን ነው ቢሉኝ ምን አሳያለሁ?» አለችኝ። ኮንትራት የለ፣ ቼክ የለ፣ ቴክስት የለ፤ ልጅዎ ሁሉን ነገር በስልክ ነበር የሚጨርሰው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰኔ 20 የጻፉልኝ ደብዳቤ አለ። «አሥራ አራት ሺህ ዶላር ለጋሼ ዓብዩ ቀርቶብኛል» ማለቱን በእጅዎ ጽፈው፣ ቀን አድርገው፣ ፈርመውበታል። ዳኛው ይቀበለው አይቀበለው አላውቅም፤ በዓለም ላይ ያለኝ ወረቀት ግን እሱ ብቻ ነው። ደብዳቤዎችዎን በሙሉ ለተርጓሚ ሰጥቻለሁ።

እናትን ልጇ ላይ ማስመስከር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሳላስታውቅዎ ያላደረግሁት። ባለፈው ሳስታውቅዎ ምን እንደሆንኩ አልረሳሁም፤ ግን አስተዳደጌ ነው፣ ምን ላድርገው።

የችሎቱን ቀን ግን አልነግርዎትም።

ዓብዩ


አዲስ አበባ፣ ቀበና
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይህን ለምትተረጉመው ሰው፣

ስምህን አላውቅም። ዓብዩ ደብዳቤዎቼን ላንተ እንደሰጠ ጽፎልኛል። ስለዚህ ዛሬ ሰላምታውንም ምርቃቱንም ትቼዋለሁ፤ ቃል ቆጥረህ የምታስከፍል ከሆነ የልጁን ገንዘብ አላስጨርስም።

እኔ ጌጤነሽ ወልደሰንበት፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት፣ የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ጡረተኛ፣ የኃይለመለኮት እናት ነኝ። ሰኔ 20 የጻፍኩት እውነት ነው። ልጄ አሥራ አራት ሺህ ዶላር የቀያሽና የንድፍ ሥራ ዋጋ ቀርቶብኛል ብሎ በአንደበቱ ነግሮኛል። ሐምሌ 22 የመጨረሻ ቀን መሆኑን ዓብዩ ጽፎልኝ አውቅ ነበር። ለልጄ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹን ከሐምሌ 20 ወደ 27 ያዛወርኳቸው እኔ ነኝ። ያዛወርኳቸውም ቀኑ እንዲያልፍ ነው። ይህን ሳትቀንስ ተርጉመው።

የሚቀጥለውን ዳኛው ባይሰማውም ግድ የለኝም። ልጄ ለባንኩ ስምንት ወር አልከፈለም ነበር። ቤቱ ሊወሰድበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ሜሮን ልጆቹን ይዛ ስፕሪንግፊልድ እህቷ ዘንድ ከገባች ከፋሲካ በፊት ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለካሰች ብነግራት ቀበና ሙሉ ይሰማዋል፣ ለዓብዩ ብነግረው ያዝንልኛል ብዬ ፈራሁ። ማዘኑን ነው የፈራሁት፤ ካዘነልኝ እንደዚያ ላደርገው አልችልም ነበር። «እማዬ፣ እግዱ ከገባ ሽያጩ ይፈርሳል፣ ጎዳና ወጣሁ» አለኝ። ሁለት ልጅ ወንዝ ሲወስድባት ሴት የወለደችውን ነው የምትይዘው። ቀጥሎ ስለ ሌላው ታለቅሳለች። እኔ ለሌላው እንኳን አላለቀስኩም፤ አጥር አስለካሁት።

ከዚህ በታች ያለው ለዓብዩ ነው።

ሁለት ምስክር ፈርመውበታል፤ ዮዲና ካሰች። ካሰች ስለ ስልሳ ሴንቲሜትሩ ተጣልተን ሳለ መጥታ ፈረመች፣ ስታነበው ግን ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም። የመታወቂያዬን ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌያለሁ። ዋናውን ለሚመጣ ሰው እሰጠዋለሁ፤ ጠበቃህ ፎቶ አልበቃኝም ትል ይሆናል።

ኃይለመለኮት ይህ ሲነበብ እናት የለኝም ይላል። ይበል። አንተ ገንዘብህን ውሰድ፤ የላብህ ነው።

ከእንግዲህ ግን አትጻፍልኝ። ይቅር ብትለኝ አልችለውም፤ ባትለኝም አልችለውም። ደብዳቤህ በመጣ ቁጥር ያንን ሐምሌ እያነበብኩ አልኖርም። በበዓል አትደውል። ስሞት የሚነግርህ ሰው አይጠፋም፤ አትምጣ። እኔ የምሰጥህ እውነቱን ነበር፣ ሰጥቼሃለሁ፤ ዘመድነቱን አብሬ ልሰጥህ ፊት የለኝም።

ይህን ፎቶ ከላከችልህ በኋላ ቁጥርህን እንድታጠፋው ለዮዲ ነግሬያታለሁ። እያለቀሰች ነው፤ ግን ታጠፋዋለች።

ጌጤነሽ ወልደሰንበት